ፕሮሰሰሩን ማን ያዘው?

ዱከም ላይ ኮምፒውተር ዘገየ ማለት ፎርማት ተደረገ ማለት ነው። ባለቤቱ ላፕቶፑን በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ ሠሪው ክዳኑን ገልጦ ትንሽ ያያል፣ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ይላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔ በአዳማ መንገድ ዳር በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሥራ የምተዳደር ሴት ነኝ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ሲቪ አዘጋጃለሁ፣ በኢንዱስትሪ ዞኑ ፋብሪካዎች ሥራ ለሚፈልጉ ልጆች ፎርም እሞላለሁ፤ የተረፈኝን ጊዜ የሰፈሩን ኮምፒውተሮች እያየሁ አሳልፋለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ ቁርጥ ሊበሉ ከአዲስ አበባ ከሚመጡት መካከል ሥጋው እስኪመጣ ድረስ ላፕቶፕ ትተውልኝ የሚሄዱ አሉ።

በዚህ ሁሉ መሀል የያዝኩት አቋም አንድ ነው። ፕሮሰሰሩ መቶ ፐርሰንት ደረሰ ማለት የሆነ ፕሮግራም ሥራ አዞታል ማለት ነው። አዛዡ ማን እንደሆነ ሳይጣራ የሚደረግ ፎርማት የልጆችን ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ ያጠፋል፣ ገንዘብ ያስወጣል፣ ችግሩንም ብዙ ጊዜ መልሶ ያመጣዋል። ምክንያቱም ዊንዶውሱ በተጫነ ማግስት ያው ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ከያው ፍላሽ ይጫናል።

አዛዡን ለማግኘት የሚያስፈልገው መሣሪያ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ ይህንን ያህል ሰው አለማወቁ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። የሚከፈተው መስኮት ተስክ ማናጀር ይባላል። ዴቭ ፕለመር የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የጻፈው ሲሆን፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ጋር ወጥቶ እስከ ዛሬ አለ። መስኮቱ ትንሽ ሆኖ ከተከፈተ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ይንኩ። ከዚያ «ሲፒዩ» የሚለውን ርዕስ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። ከፋብሪካዎቹ የተገዙ፣ ዊንዶውሳቸው በቻይንኛ የሆነ ላፕቶፖች አልፎ አልፎ ይመጡልኛል። ፊደሉን ባላነበውም ቁጥሩን አነባለሁ፤ ዓምዶቹም ቦታቸውን አይለውጡም።

መጀመሪያ ግን ትክክለኛውን ዓምድ እያዩ መሆኑን ያረጋግጡ። «ፕሮሰሰሬ ተጨናንቋል» ተብለው ከሚመጡልኝ ማሽኖች ብዙዎቹ ፕሮሰሰራቸው ሃያና ሠላሳ ፐርሰንት ላይ ተቀምጦ፣ መቶ የሞላው «ዲስክ» የሚለው ዓምድ ነው። ያ ሌላ ነገር ነው። የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ የዛሬውን ዊንዶውስ መሸከም አቅቶታል ማለት ነው፤ መፍትሔውም በኤስኤስዲ መቀየር ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የሚክስ አላየሁም። ራሙ ከሞላ ደግሞ ራም መጨመር ነው። ሁለቱም ከፕሮሰሰሩ ጋር ጉዳይ የላቸውም።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በጣም ተጨንቀው የመጡበትን ቀን አልረሳውም። «ልጄ፣ ሲስተም አይድል ፕሮሰስ የሚባል ቫይረስ ዘጠና ስምንት ፐርሰንቱን በልቶብኛል፤ ላጥፋው ብል እምቢ አለኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ሥራ ፈቶ የተቀመጠው ነው» ብዬ አሳየኋቸው። «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ ላይ ይህ ስም ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየ ደስ ይበላችሁ፤ ፕሮሰሰሩ ያን ያህል ነፃ ነው ማለት ነው። የመምህሩ ኮምፒውተር የዘገየው በዲስኩ ምክንያት ነበር።

አሁን ወደ እውነተኛው መጨናነቅ እንምጣ። በእኛ አካባቢ በጣም የሚደጋገመውና ማንም የማይጠረጥረው ምክንያት የዊንዶውስ የራሱ የቤት ሥራ ነው። ዊንዶውስ ማሻሻያ ያወርዳል፣ ያወረደውን ይጭናል፣ ለቫይረስ ይፈትሻል፣ ፋይሎችን ለፍለጋ እንዲመቹ ይመዘግባል። ይህን ሁሉ ባለቤቱን ሳይረብሽ እንዲሠራ በየቀኑ የሚጀምርበት ሰዓት ተቀጥሮለታል፤ ካልተቀየረ በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። እዚያ ማዶ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ያድራል። እኛ ዘንድ ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዳያቃጥለው ተብሎ ማታ ይነቀላል። ኢንተርኔቱም ከስልክ ሆትስፖት የሚገኝ ስለሆነ ለአንድ ሰዓት ተከፍቶ ይዘጋል። ስለዚህ የሳምንቱ የቤት ሥራ ይጠራቀምና ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷ አሳይመንቷን ልትሠራ ኮምፒውተሩን ስትከፍት፣ ዳታም ስታበራለት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል» አርባ ፐርሰንት፣ የዊንዶውስ ማሻሻያው ሠላሳ፣ ፍለጋ መዝጋቢው አሥር። ልጅቷ ተናድዳ ታጠፋዋለች። ሥራው ሳያልቅ ይቋረጣል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም ከቆመበት ይነሳል።

የዚህ መድኃኒት ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ሰው ግን ገንዘብ ካልከፈለበት መድኃኒት አይመስለውም። መብራት ባለበት አንድ ምሽት ኮምፒውተሩን ቻርጀሩ ላይ ሰክታችሁ፣ ኢንተርኔት ሰጥታችሁ፣ ስሊፕ እንዳይገባ አድርጋችሁ ተዉት። ምንም አትክፈቱበት። ጠዋት ሪስታርት አድርጉት። «ፎርማት ያስፈልገዋል» ተብለው መጥተው እንዲህ አድረው ብቻ የተመለሱ ኮምፒውተሮች ጥቂት አይደሉም። ዳታው ያሳሰበው ሰው ደግሞ ግንኙነቱን «ሚተርድ» ብሎ መመዝገብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዊንዶውስ አብዛኛውን ማሻሻያ ሳይጠየቅ አያወርድም። የጸጥታ ማሻሻያዎቹን ግን በወር አንድ ጊዜ እንኳን ቢሆን ስጡት።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ የእኛ አገር ብቻ የሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጁ ወደ ሀበሻ አቆጣጠር ይለውጠዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑም ሁለት እንዲል ይፈልጋል፤ መፈለጉም አይፈረድበትም። ኮምፒውተሩ ግን ያንን ሁለት ሰዓት የሌሊት አድርጎ ከወሰደው የሌሊቱን የቤት ሥራ ቢሮ በሚከፈትበት ሰዓት ይጀምራል። ሰው እየሠራበት ከሆነ ያቆማል፤ ባለቤቱ ለሻይ ሲነሳ ይቀጥላል፣ ሲመለስ ማራገቢያው እየጮኸ ያገኘዋል። ሰዓቱን ትክክለኛው ላይ መልሱና ስድስት ቀንሶ ማንበቡን ለራሳችሁ ተዉት።

ቀጥሎ ብራውዘሩ ነው። ክሮም ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትና ኢስኬፕን ብትጫኑ የክሮም የራሱ ተስክ ማናጀር ይከፈታል፤ የትኛው ገጽ፣ የትኛው ኤክስቴንሽን እንደሚበላ በስም ይነግራችኋል። ከተከፈቱት ሃያ ገጾች መካከል ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ዩቲዩብ ላይ ግን ነገሩ ለየት ይላል። ቪዲዮ ተጨምቆ ነው የሚላከው፤ ጭማቂውን የሚፈታ ልዩ ክፍል አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ውስጥ አለ። ዩቲዩብ የሚወደውን ቪፒ9 የተባለውን አጨማመቅ በሙሉ አቅም የሚፈታ ክፍል ኢንቴል ያስገባው ከ7ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ኤቪ1 ለተባለው አዲሱ ደግሞ ከ11ኛው። ገበያችን ላይ የሚሸጠው ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ በብዛት 4ኛና 5ኛ ትውልድ ነው። ስለዚህ የዘጠና ደቂቃ ስብከት ወይም የእግር ኳስ ጨዋታ በጥራት 1080 ሲከፈት፣ ልዩ ክፍል የሌለው ፕሮሰሰር እያንዳንዱን ምስል በጉልበት ይፈታል። ጥራቱን ወደ 480 ዝቅ አድርጉት። ዳታም ይተርፋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በስውር የሚሠራው ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች ኃይል እየሸጠ የውጭ ምንዛሪ እንደሚያገኝ በዜና ሰምታችኋል። እነዚያ ኩባንያዎች ባሕር አቋርጠው የመጡት ርካሽ መብራት ፍለጋ ነው፤ የሚጠቀሙትም ለዚያ ሥራ ብቻ የተሠሩ ማሽኖችን ነው። የቤት ኮምፒውተር ለቢትኮይን አይረባም። ሞኔሮ ለሚባለው ሌላ ዲጂታል ገንዘብ ግን ይረባል። ሞኔሮ ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ራንደምኤክስ የተባለ ስሌት የሚጠቀም ሲሆን፣ ይህ ስሌት የተነደፈው ሆን ተብሎ ተራ ፕሮሰሰር እንዲሠራው ነው። ሌባው መብራት መግዛትም ማሽን ማስመጣትም አያስፈልገውም። አንድ ክራክ የተደረገ የፎቶ ማቀናበሪያ ወይም ጌም ውስጥ ይህን ስሌት የምትሠራ ፕሮግራም ደብቆ ይለቃታል፤ የእናንተ ፕሮሰሰር በእናንተ መብራት ቀን ከሌት ለእሱ ያሰላል። ከ2017 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ኮይንሃይቭ የተባለ አገልግሎት በነበረበት ጊዜ ድረ ገጽ መክፈት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚገባው በክራክ ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን ማንም ሳይነካው ማራገቢያው ይጮኻል፣ ታቹ ይግላል። ተስክ ማናጀርን ስትከፍቱት ግን ጸጥ ይላል፣ ቁጥሩም ወርዶ አምስት ፐርሰንት ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተሻለው» ብሎ ይዘጋዋል። ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ተስክ ማናጀር ሲከፈት ሥራቸውን እንዲያቆሙ፣ ሲዘጋ እንዲቀጥሉ ተደርገው የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኑ፣ ጆሮም ስጡ፤ ተስክ ማናጀሩን ዘግታችሁ ማራገቢያውን አዳምጡ።

የማውቀው ሁለት ማረጋገጫ አለ። አንደኛው፣ በጠረጠራችሁት ስም ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። «ኤስቪሲሆስት» የሚባለው ስም በዝርዝሩ ላይ በብዛት ይታያል፤ የዊንዶውስ ትክክለኛ አገልጋይ ነው፣ መኖሪያውም ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው «ሲስተም32» ነው። በዚሁ ስም ተጠርቶ በእናንተ የግል ፎልደር ውስጥ ከተገኘ አስመሳይ ነው። ሁለተኛው፣ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚል ዝርዝር አለ፤ አንቲ ቫይረሱ እንዳያያቸው የታዘዙ ቦታዎች ስም የሚጻፍበት ነው። እናንተ ምንም ካልጻፋችሁበት ባዶ መሆን አለበት። ከክራኩ ጋር የሚመጣው ማስታወሻ «መጀመሪያ አንቲ ቫይረሱን አጥፉ» ይላል፤ ሰውም እሺ ብሎ ያጠፋል፣ ፕሮግራሙም በዚያች ቅጽበት ራሱን እዚያ ዝርዝር ላይ ይጽፋል። ዝርዝሩን አጽዱ፣ ክራኩን አራግፉ፣ ከዚያም «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን» የሚለውን ፍተሻ አስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ የተደበቀውም አያመልጠውም ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ተመልሶ ከመጣ ያን ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አልቃወምም። ግን ፋይላችሁ ከተገለበጠ በኋላ፣ ክራኩም ዳግመኛ ላይጫን።

ሌላው ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ሲያነብ ነው። «ሃያ አምስት ፐርሰንት ብቻ ነው የያዘው፣ ለምን ይዘገያል?» ይሉኛል። የዱከምን አስፋልት አስቡት፤ አራት መስመር አለው እንበል፣ አንድ ሲኖትራክ በአንዱ መስመር ላይ ተበላሽቶ ቢቆም መንገዱ የተያዘው ሩቡ ብቻ ነው፣ ከኋላው የተሰለፉት ግን አንድ እርምጃ አይሄዱም። ፕሮሰሰርም በውስጡ ብዙ መስመሮች አሉት። አራት መስመር ባለው ማሽን ላይ አንድ ፕሮግራም ሃያ አምስት ላይ ደርቆ ከቆመ፣ ሁለት ባለው ላይ ሃምሳ ላይ ከቆመ፣ አንዱን መስመር ሙሉ በሙሉ ዘግቷል ማለት ነው። በእኔ ሥራ ይህን በብዛት የሚያደርገው የፕሪንተሩ አገልጋይ «ስፑለር» ነው። ያልታተመ ሰነድ ወረፋው ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል፣ አገልጋዩም ደጋግሞ ይሞክረዋል። «ሰርቪስስ» ውስጥ ገብታችሁ «ፕሪንት ስፑለር» የሚለውን አቁሙት፣ «ሲስተም32» ውስጥ ካለው «ስፑል» ፎልደር «ፕሪንተርስ» የሚለውን ከፍታችሁ ውስጡ ያለውን አጥፉ፣ አገልጋዩን መልሳችሁ አስነሱት። ፎልደሩን ራሱን ግን አታጥፉት።

«ሲስተም ኢንተራፕትስ» የሚለው ስም ከፍ ካለ ደግሞ ፕሮግራም አትፈልጉ፤ አንድ ዕቃ ነው የሚረብሸው። ፍላሹን፣ ማውሱን፣ ዌብ ካሙን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩ የሚወርድበትን ተመልከቱ።

አሁን ደግሞ ምንም ጥፋተኛ ስም ስለማይገኝበት ጉዳይ። ተስክ ማናጀር ላይ ሁሉም ፕሮግራም ትንሽ ትንሽ ይበላል፣ ድምሩ ግን መቶ ነው፣ ማሽኑም እጅ እግሩ ታስሯል። ያን ጊዜ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ገጽ ክፈቱና «ስፒድ» የሚለውን እዩ። «ቤዝ ስፒድ» 2.4 ጊጋኸርዝ ተብሎ ተጽፎ፣ በሥራ መሀል ያለው ፍጥነት ግን 0.7 ወይም 0.8 ላይ ከተቸነከረ ፕሮሰሰሩ ራሱን አዘግይቷል። ኢንቴል ከሚሠራቸው የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ ሙቀታቸው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንዳይቃጠሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የቀነሰው ፍጥነት ላይ ትንሽዋ ሥራም መቶ ፐርሰንት ሆና ትታያለች።

ለዚህ የዱከም ኑሮ ምቹ ነው። ፈጣኑ መንገድ ከተከፈተ በኋላም የድሮው የአዳማ መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ እንዳለፈ ነው፤ ከባድ መኪና አያጣውም፣ በበጋ ንፋስ አቧራውን ቤት ውስጥ ያገባል። ቁልቁል በሞጆ አድርጋችሁ ወደ አዳማ ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል። የማራገቢያውና የማቀዝቀዣው ክንፍ መገናኛ ላይ አቧራው ተጋግሮ ብርድ ልብስ የሚመስል ንጣፍ አውጥቼ አውቃለሁ። ማሽኑ ይከፈት፣ አቧራው ይውጣ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የደረቀ ፔስት ተጠርጎ በአዲስ ይተካ። በብሎወር ስትነፉት ማራገቢያውን በጣት ያዙት፤ በኃይል ሲሽከረከር ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕን አልጋ ላይ፣ ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መሥራትም የአየር መግቢያውን ይደፍነዋል።

ሙቀት ሳይኖር ፍጥነቱ ከወረደስ? ቻርጀሩን እዩ። አንዳንድ ላፕቶፖች የራሳቸው ያልሆነ ወይም ዋቱ ያነሰ ቻርጀር ሲሰካባቸው ያንን ያውቁና ፕሮሰሰሩን ዝቅ አድርገው ያስኬዱታል። ከመንገድ ዳር የተገዛ ቻርጀር ነቅሎ በኦሪጅናሉ መቀየር ብቻ ማሽኑን ሲያነቃው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ ሌላ «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ልክ መቶ ፐርሰንት መሆኑን ተመልከቱ፤ ባትሪ ለመቆጠብ ሃምሳ ላይ አስቀምጦት የረሳ ሰው አይጠፋም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ 11 ጫኑልን የሚሉ በዝተዋል፤ የሚጭኑም በዝተዋል። ኩባንያው በይፋ የሚቀበለው ኢንቴልን ከሞላ ጎደል ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ማገጃውን አልፎ 3ኛና 4ኛ ትውልድ ላይ መጫን ይቻላል፣ ይሠራልም፤ ነገር ግን ባዶውን ሲቀመጥ እንኳን ፕሮሰሰሩ ዕረፍት ሲያጣ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ጽሑፍና ኢንተርኔት ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ሊነክስ ሚንትን ቢሞክር እመክረዋለሁ። በነፃ ነው፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይጻፍበታል፣ ክራክም አይፈልግም።

ወደ ሠሪ ቤት መሄዳችሁ ካልቀረ፣ ኮምፒውተሩ በተጨናነቀበት ሰዓት የተስክ ማናጀሩን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ይዛችሁ ሂዱ፤ «ሲፒዩ» በሚለው ተደርድሮ፣ «ፐርፎርማንስ» የሚለውም ገጽ ጭምር። ሠሪው ፎቶውን አይቶ ጥያቄ ከጠየቃችሁ ማሽኑን ስጡት። ሳያየው «ፎርማት ነው» ካላችሁ ግን ላፕቶፓችሁን አንሱና ወደ ሌላ ሠሪ ውሰዱት።